የሚሌ መንገድ ዳጉ

«ምን ሆንሽ? ጅማት ያዘሽ እንዴ?» አለቻት አትጠገብ፣ ከደሴ ሆጤ ሰፈር የመጣችው ሯጭ፣ አልፋት ስትሮጥ።

«ሂጂ አንቺ፣ ሂጂ!» አለች ጀዋሂር።

ሂጂ ማለት ቀላል ነው! ውድድሩ ከተነሳበት፣ ከባቲ በታች ጀምሮ ሴቶቹን ሁሉ እየመራች መጥታለች። አሠልጣኝ ፈንታሁን ከፒካፑ ላይ ሆኖ «አንደኛ የወጣች ክለብ ገባች!» እያለ ጉሮሮው እስኪዘጋ ጮኾላታል። አሁን በዚያ በረሃ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ለአንድ አፋር ሽማግሌ ብላ ቀጥ ብላ ቆማለች። ደግነቱ ፒካፑ ወንዶቹን ተከትሎ ወደ ፊት ሄዷል እንጂ ፈንታሁን ይሄን ቢያይ መኪናው ሳይቆም ዘሎ ይወርድ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ክለቡንም ትፈልገዋለች፤ ማን ይጠላል! እዚህ ያመጣት ግን መንገዱ ነው። ወንድሟ ፉርቃን በኤርትራው ጦርነት ወደ ቡሬ ግንባር የዘመተው በዚህ አስፋልት፣ ከወታደር ጋር ተጭኖ ነው። ጦርነቱ ካበቃ ወዲህ ሌሎቹ ተመልሰዋል፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ ወሬው የለም።

ሽማግሌው በትራቸውን አስፋልቱ ዳር ተክለው ያሏት አንድ ቃል ብቻ ነው። «ዳጉ!»

ጀዋሂር የኮምቦልቻ ልጅ ብትሆንም፣ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ከእናቷ የማሽላ ጆንያ ሥር ተቀምጣ ነው ያደገችው። አፋር መንገድ ላይ ሰው ካገኘ ዝም ብሎ አያልፍም። ያየውን የሰማውን ይናገራል፣ የዚያኛውንም ይሰማል፣ የሰማውንም ሳይጨምር ሳይቀንስ ለሚቀጥለው ያደርሳል። ዳጉ ይኸው ነው። ተጠይቆ ሳይመልስ ያለፈ ሰው ወይ ጠላት ነው፣ ወይ ከአንድ ክፉ ነገር የሚሸሽ ነው።

ወንዶቹ ሯጮች ደግሞ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ አልፈዋል። ምን ያድርጉ፣ ሯጭ ትንፋሹን በወሬ አይጨርስም!

ከሽማግሌው ኋላ ሴቶች የጎጆውን ሰሌን እየገፈፉ ግመል ላይ ይጭናሉ። አንዲት አራስ ጨቅላዋን በሻሽ ጠቅልላ፣ ለመንገድ ተነስታ ቆማለች። በዚያ ሙቀት!

«አሰላሙ አለይኩም፣ አባባ።»

«ወአለይኩም ሰላም» አሉ በባቲ ገበያ አማርኛ። «ማነው የሚያባርራችሁ? ጦርነቱ ተመለሰ?»

«ኧረ ወላሂ የለም! ማንም አያባርረንም። ውድድር ነው፣ አባባ። ጨዋታ ነው።»

«ሰው በዚህ ፀሐይ ለጨዋታ ይሮጣል?»

«ይሮጣል» አለች፣ ትንሽ አፍራ።

ሽማግሌው ዞረው በአፋርኛ ተጣሩ። ሴቶቹ እጃቸውን ሰበሰቡ፤ አንዷ ሳቋን ለቀቀችው። አራሷ ግራሩ ሥር ተመልሳ ተቀመጠች።

እሰይ፣ አለች ጀዋሂር በልቧ፣ አሁንስ ልሂድ። እግሯን አነሳች። ከኋላዋ ሌሎች ሴቶች እያለከለኩ አልፈዋት ነበር።

«አልጨረስንም» አሉ ሽማግሌው። «ዝናቡስ?»

«ኮምቦልቻ ጥሏል፤ ባቲ ገና ነው።»

«ገበያው?»

«ማሽላ ተወዷል።»

«ያንቺስ ቤት ሰላም ነው?»

ሰላም ነው ማለትማ ለምዳዋለች፤ ለጎረቤቱም፣ ለፈንታሁንም የምትለው እሱኑ ነው። ለዳጉ ግን አይዋሽም።

«ሰላም አይደለም» አለች። «ወንድሜ በዚህ መንገድ ሄዶ ቀረብኝ። ሞቷልም አላሉን፣ አለም አላሉን። የጠየቅኩት ሁሉ ጠብቂ ነው የሚለኝ። እናቴ ማታ ማታ በር አታስዘጋም፣ አባባ።»

ሽማግሌው አይዞሽ አላሏትም። «ስሙ ማነው? የማን ልጅ ነው? መልኩስ?» እያሉ ጠየቋት እንጂ።

«ፉርቃን አብዱልሐሚድ። ጠይም ነው፤ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው።»

«ፉርቃን አብዱልሐሚድ» አሉ፣ እንዳይስቱት ቀስ ብለው። ከዚያ የአራሷን ባል ጠርተው ነገሩን ሁሉ ነገሩት። እሱም ከሥር ከሥር ደገመላቸው፤ ሲጨርስ በትሩን ትከሻው ላይ ጥሎ አስፋልቱን ትቶ በሜዳው ቁርጥ አድርጎ ሮጠ። ወይ ጉድ፣ በሰንደል ጫማ! ፈንታሁን ያንን ሰው ቢያየው ኖሮ ለክለቡ የሚፈልገው ሌላ ሰው አይኖርም ነበር።

«በእኛ በኩል ሰላም ነው» አሉ ሽማግሌው፣ ተራቸው ነውና። «ወንድ ልጅ ተወልዶልናል። የወንዙ ውሃ አልደረቀም። በይ፣ አሁን ሂጂ ልጄ።»

ሮጠች። ስትቆም የቀዘቀዘ እግሯ አልታዘዝ አላት፣ አፏ ኩበት ሆነ። ከፊቷ ያሉት ሴቶች በሙቀቱ ውስጥ ሲርገበገቡ ይታያሉ፤ የሚደረስባቸው አይደሉም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ ቆማ ዝናብና ማሽላ ስታወራ ክለቡን ያፈሰሰችውን ግን ምን ይሏታል? ተናደደች። በራሷ ተናደደች፣ ዳጉ ባለው ሁሉ ተናደደች።

አስፋልቱ ጥቁሩን የድንጋይ ኮረብታ ረዥም ዙሮ ሲያበቃ ሌላ የአፋር ሰፈር ተገኘ። ማንም ሰሌኑን አልነቀለም፤ ግመሎቹም እንደተንበረከኩ ያመሰኳሉ። አንዲት ሴት መንገድ ዳር ቆማ የሚያልፉትን ሯጮች ፊት ፊታቸውን ታያለች። ጀዋሂር ስትደርስ ሴትዮዋ እጇን ዘረጋች።

«የፉርቃን እህት አንቺ ነሽ?»

የጀዋሂር እግር በራሱ ጊዜ ቆመ። «እኔ ነኝ።»

«እኛ አላየነውም» አለች ሴትዮዋ። «ስሙን ግን ወደ ታች ልከነዋል። ሚሌ ካንቺ ቀድሞ ይደርሳል።»

ጀዋሂር የተዘረጋውን እጅ በሁለት እጇ ጨበጠችው። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ መሮጥ ጀመረች። ከፊቷ፣ በዚያ ሜዳ ሁሉ፣ የማያውቁት ሰዎች ወንድሟን በስሙ እየተጠያየቁ ነበር።