የረቡዕ ቀሪ

ተላላኪዋ አልጣሽ ረቡዕ በመጣ ቁጥር ከሥራ ትቀራለች። ስትጠየቅ፣ «እዚህ ታች መልአኩ ጠበል ነበርኩ፣ ጋሼ» ትላለች፤ ከዚያ ወዲያ ቃል አይወጣትም። የክፍሉ ኃላፊ ግን አላመናትም። ሦስት ፎቅ ደረጃ ሳታለከልክ የምትወጣ ሴት ምን ሕመም አለባት?

«ሌላ ቦታ ተቀጥራ ይሆናላ» አለው የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ። «ጠበል እንዲህ የሚያወፍር ከሆነማ እኔም ልጠመቅ።»

በአምስተኛው ረቡዕ ኃላፊው የስንብት ደብዳቤዋን ፈርሞ ኪሱ ከተተና እሄዳለሁ ወደምትለው ጠበል አመራ። አለመኖሯን በዓይኑ አይቶ፣ ቅር ሳይለው ሊያሰናብታት ነው።

አልጣሽ ግን ነበረች። ነጠላ እስከ ዓይኗ የተከናነበች አንዲት ሴት ደግፋ ከመጠመቂያው ስትወጣ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። እንዳየችው ክው አለች።

«ጋሼ፣ እንዳልናገር በመልአኩ አስምለውኝ እኮ ነው…»

«እሷን ተዋት» አለች ተደጋፊዋ ከብርዱ የተነሣ እየተንቀጠቀጠች። «ሕመሜን ሰምተህ እንዳትጨነቅ ብዬ ያስማልኳት እኔ ነኝ።»

ድምፁን ያውቀዋል። ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ «ደኅና ዋል» ብሎ የሸኘው የሚስቱ ድምፅ ነው።