ከጋራዥ የሚጠፉት የክንፍ አጥንቶች

ሰዓት ሠሪው ጋራዡ ውስጥ አውሮፕላን ይሠራል። የመጫወቻ አይደለም፤ የምር የሚበር፣ ሁለት ሰው የሚይዝ። ከጀመረ ሦስት ዓመቱ ነው። መኪናው ውጭ ማደር ከጀመረችም እንደዚያው።

አሁን የክንፉ የጎድን አጥንቶች ላይ ደርሷል፤ የክንፉን ቅርጽ የሚይዙት ስስ አልሙኒየሞች ናቸው። አልሙኒየም እንደ ብረት አይዛግ እንጂ፣ እርጥበት ሲያገኘው ነጭ ዱቄት እያወጣ ውስጥ ውስጡን ይበላል። ስለዚህ እያንዳንዱ አጥንት ይታጠባል፣ ይፈተጋል፣ ይደርቃል፤ ከዚያ ፕራይመር የሚባለው የመነሻ ቀለም ሳሳ ተደርጎ ይረጭበትና ሽቦ ላይ ይሰቀላል።

ሚስቱ፣ የእጅ ወዝ የነካው ቀለም አይዝም ብላ፣ ጓንት ገዝታለት ነበር። «ሰዓት ሠሪ በጓንት? ሹፌርን ዓይኑን ሸፍነሽ ንዳ እንደማለት ነው» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ወረወረው።

ከዚያ አጥንቶቹ መጥፋት ጀመሩ። ማክሰኞ ስድስት ሰቀለ፤ ረቡዕ አራት አገኘ። ሁለቱን እንደገና ሠራ፤ አንዱ ደግሞ ጠፋ። ሌባ እንዳይል፣ መሰርሰሪያው ፊት ለፊት ተቀምጧል።

ጥርጣሬው ዞሮ ዞሮ አማቱ ላይ አረፈ። ልጃቸው ጋ ሊሰነብቱ ከመጡ ገና ወር አልሞላቸውም። «ዕድሜዬን ፋብሪካ ውስጥ ሳጥብ ኖርኩ» ከማለት በቀር ስለ ራሳቸው አያወሩም። አውሮፕላኑን ገና ሲያዩት፣ «ልጄን በዚህ ላይ ልትሰቅላት ነው?» ነበር ያሉት። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ጋራዡ ይገባሉ፤ የተሰቀለውን ሁሉ በአውራ ጣታቸው ፈተግ፣ ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገው ይወጣሉ።

«እናትሽ አውሮፕላኑን ሊያስተዉኝ ነው» አለ ለሚስቱ።

«እናቴ ቆርቆሮ ምን ያደርግላታል? አትቀባጥር!»

ሐሙስ ከምሳ በኋላ እጅ ከፍንጅ ያዛቸው። አንድ አጥንት ሻርፓቸው ሥር ሸጉጠው ወደ ቆሻሻው በርሜል ይገሰግሳሉ።

«እማማ! ምን በደልኩዎት?»

«አያምርም» አሉና በርሜሉ ውስጥ ጣል አደረጉት።

ደሙ ፈላ። ግን አማት ናቸው፤ ዋጥ አደረገው። «እሺ፣ የሚያውቅ ሰው ይፍረደን» አለ። የጣሉትን አወጣ፤ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ወስዶ ቤት የተሠሩ አውሮፕላኖችን ለሚፈትሸው መርማሪ ሊያሳየው ተነሣ። መርማሪው ምላሱ ስለት ነው፤ «ጥሩ ነው» ሲል የሰማው ሰው የለም።

«እኔም እመጣለሁ» አሉ አማቱ። ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። እዚያ ሲደርሱም ከመኪናው አልወረዱም።

መርማሪው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ አጥንቱን አገላበጠ። ፕራይመሩ ይላቀቅ እንደሆነ ለማየት፣ ለጥፎ ሊስብበት የሚያጣብቅ ፕላስተር ቆረጠ።

«ይኸውልህ» አለ ሰዓት ሠሪው፣ «ሌት ተቀን ለፍቼበት አማቴ በርሜል ውስጥ ከተቱብኝ። ለመሆኑ እሳቸው ምን ያውቃሉ?»

«የትኛዋ አማት?»

ሰዓት ሠሪው በአገጩ ወደ መኪናው አመለከተ።

መርማሪው ቀና ብሎ አየና ኮፍያውን ከራሱ መንጭቆ ወደ መኪናው ሮጠ፤ «አለቃዬ! ፋብሪካው ውስጥ ሥራውን ያስተማሩኝ እርስዎ፤ እርስዎ የጣሉትን ፕራይመር ደግሞ እኔ ምን ብዬ ልመርምረው?»