ፍሪጅ የገቡት እንቁላሎች

ብዙዬ እስራኤል አገር ካለው የሐደራ ገበያ ስትመለስ ጓሮዋ ያለው የዶሮ ቤት ባዶ ነበር። ልጇ ኤያል በር ላይ ጠበቃት።

«እማዬ፣ አትቆጪ። ሽኽኒሞቹ፣ እነዚህ ጎረቤቶቻችን፣ ዶሮ ቤቱ ሸተተን አሉ፤ ዶሮዋን ለጓደኛዬ ሰጠኋት። እንቁላሎቹን ግን እንዳይበላሹ አሁን ፍሪጅ አስገብቼልሻለሁ፤ ችግር የለም አይደል፣ በሴዴር?»

የብዙዬ ደም ፈላ። «የታቀፈችን ዶሮ ከእንቁላሏ ነጥሎ በሴዴር ብሎ ነገር አለ? ለጎረቤት አፍ ብለህ ግፍ ትሠራለህ?»

ፍሪጁን በርግዳ አንዱን እንቁላል አነሳችና ፊቱ ላይ ልትከሰክሰው እጇን ወደ ኋላ ሰበቀች። እንቁላሉ ጆሮዋ አጠገብ ሲደርስ ከውስጡ ቀጭን ጩኸት ሰማች። እጇን ቀስ አድርጋ አወረደችና እንቁላሉን የልጇ ጆሮ ላይ ለጠፈችው። ኤያል ክው አለ።

«ሰማኸው? እናቱን እየጠራ ነው። ሂድ አምጣለት!»

ኤያል የመኪናውን ቁልፍ ይዞ ሮጠ። እሷም እየረገመችው ያንንም የቀሩትንም እንቁላሎች በነጠላዋ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ታቀፈች።