ደረጃው ላይ የሚወድቀው ልጅ

ዲዛይነሯ ከምሳ ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ኮምፒውተሯን ከፈተች። እንግዳው ዛሬም ረፋዱ ላይ ወደ ድረ ገጿ ገብቶ ነበር። ዛሬም ልጁን ከደረጃው ላይ ጥሎታል።

ድረ ገጹን የሠራችው ስኬትቦርድ የሚባለውን ባለ ጎማ መንሸራተቻ ለሚሠራ ፋብሪካ ማስታወቂያ ነው። የገባ ሁሉ በቦርዱ ሆድ ላይ የፈለገውን ሥዕል ይስላል፣ ልጁን እንደፈለገ ያለብሳል፣ ከዚያ እየነዳ ረጅሙ ደረጃ ጋ ያደርሰዋል። የመዝለያውን ቁልፍ በሰዓቱ ከነካ ልጁ ደረጃውን በአየር ተሻግሮ በእግሩ ይቆማል። ካልነካ ተንከባሎ ይወርዳል። አንዱ የነዳውን ሌላው ከፍቶ ማየት ይችላል።

የልጁ እንቅስቃሴ የእውነተኛ ሰው ነው። ሰፈሩ ንፋስ የሚለው ወጣት ካሜራ ፊት ተንሸራትቶላት፣ እሷ የጉልበቱን እጥፋት ሳይቀር ቀድታ ሣለችው። ፊቱንም አልቀየረችውም። ደረጃውን ግን ለዓይን እንዲያምር ብላ አስረዘመችው።

ማስታወቂያው ተወደደ። ንፋስ መንገድ ላይ በታየ ቁጥር "እስቲ እንደ ኮምፒውተሩ ዝለል!" የሚለው በዛ። አንድ ቀን የዚያን ያህል የሚረዝም ደረጃ ፈልጎ ዘለለ። ከዚያ ወዲህ ከዊልቸር አልተነሣም።

ማንም እሷን አልወቀሰም። ድካሟ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ተኝተው ቢነሡም የማይለቅ ዓይነት ሆነ።

አሁን ወደ ገጹ ብቅ የሚል ሰው እምብዛም ነው። የማይቀረው አንዱ ብቻ፣ ስሙን ሳይሞላ ስለሚያልፍ ገጹ ራሱ "እንግዳ" ብሎ የሚመዘግበው ነው። ሥዕል አይስልም፤ ቦርዱን ባዶውን ይተወዋል። ለልጁ ግን ሄልሜት ያደርግለታል፣ የጉልበትና የክርን መከላከያ ያስርለታል። እነዚህ የገቡት የፋብሪካው ጠበቃ ስለጨቀጨቀ ነው እንጂ ሌላ ሰው ነክቷቸው አያውቅም። ከዚያ ቀስ አድርጎ ይነዳና ደረጃው ጋ ሲደርስ ይጥለዋል። አስነሥቶ ይጥለዋል። ደግሞ ይጥለዋል።

ንፋስ የወደቀ ቀን ሄልሜት አላደረገም። ይህን የማያውቅ የሰፈሩ ሰው የለም።

"ይሄ ሰው እየተሳለቀበት ነው" አለችው ለአለቃዋ።

አለቃው ከስልኩ ቀና አላለም። "ይሳለቅ። ለኛ ያው አንድ ጎብኚ ነው።"

መጀመሪያ የጠረጠረችው ጥርሴን ነበር። ሁሉ ነገር ስለሚያስቀው ነው ጥርሴ የተባለው፤ ከንፋስ ጋር ሲፎካከር ያደገ ተንሸራታች ነው። ማምሻውን ከሥራ ስትወጣ ልጆቹ የሚንሸራተቱበት ድልድይ ሥር አገኘችው።

"አንተ ነህ ንፋስን ጠዋት ጠዋት የምትጥለው?"

ነገሩን ስታስረዳው ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፋ።

"ቀንቼበታለሁ፣ አልዋሽሽም። ግን ሲወድቅ አጠገቡ ነበርኩ። ያን ድምፅ የሰማ ሰው በጨዋታ እንኳ መልሶ መስማት አይፈልግም" አላት። ቦርዱን በእግሩ ገፋ አደረገና፣ "ደግሞ እኔ ልጣለው ብልስ መቼ ይሆንልኛል? ጣቴ ሳላዘው ይዘላል" አለ።

አመነችው። ከዚያ ግን የባሰ ሐሳብ መጣባት። ራሱን የጠላ ካልሆነ በቀር አንድን ሰው እንዲህ ሳይሰለች የሚጥል ማን አለ? ንፋስ ራሱ ቢሆንስ?

ቅዳሜ ንፋስ ቤት ሄደች።

በሩን የከፈቱላት እናቱ ናቸው። ቤታቸው ውስጥ ልብስ እየሰፉ የሚተዳደሩ ሴት ናቸው፤ ሪህ ያሳበጣቸውን ጣቶች እያፍተለተሉ ወደ ውስጥ መሯት። ላፕቶፑ ከስፌት መኪናው ጎን፣ በተቆራረጠ ጨርቅ መሐል ተቀምጧል።

"ግቢ የኔ ልጅ። ጠዋት ጠዋት ፊዚዮቴራፒ ይወስዱታል፣ ሲመለስ አቅም የለውም። ብቻ አንቺን ሲያይ ደስ ይለዋል።"

ንፋስ መስኮቱ አጠገብ ነበር። ስለ ጤናው ጠየቀችው፣ ስለ ሥራዋ ጠየቃት፣ ሁለቱም ደህና ነው ተባባሉ።

"ገጹን ትከፍተዋለህ?" አለችው በመጨረሻ።

"ከሆስፒታል ከወጣሁ ከፍቼው አላውቅም፣ እትዬ።"

"እውነቱን ንገረኝ። አንድ ሰው በየቀኑ እየገባ ከደረጃው ይጥልሃል። አንተ ከሆንክ አልቆጣህም።"

"ምን እንድልሽ ነው የምትፈልጊው?" ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እናቱ ያልተጠናቀቀ ሸሚዝ ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ወደ ስፌት መኪናቸው ተመለሱ። ዲዛይነሯም ንፋስ ፊቱን ማዞሩን እንደ አዎንታ ወሰደችው።

ሰኞ አለቃዋ ቢሮ ገባች። "ገጹን እንዝጋው።"

"ጎብኚዎቹስ?"

"አንድ ሰው ነው የቀረው። እሱንም እየጎዳነው ነው።"

አለቃው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። "እሺ ዝጊው። ዘግተሽ ስታበቂም እረፍት ውጪ፤ ፊትሽን አይተሽዋል?"

ራሷ ዘጋችው። መንገዱን አጠፋች፣ ደረጃውን አጠፋች። በመጨረሻ ልጁንም አጠፋችው። ቤቷ ገብታ ከነልብሷ ጋደም እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ሰው ያዳነች መሰላት።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ስልኳ ጮኸ። የንፋስ እናት ነበሩ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገዋል።

"የኔ ልጅ፣ ያ ገጽሽ ምን ነካው? ከጠዋት ጀምሮ እምቢ አለኝ እኮ።"

"እማማ... እርስዎ ምን ሊያደርግልዎ?"

ከስልኩ ወዲያ የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።

"ይሄ ጣቴ ለቁልፉ አልደርስ እያለ እንጂ፣ አንዴ እንኳ ሳይወድቅ ወርዶ፣ በእግሩ ሲቆም ላየው ብዬ ነበር።"