እስከ መጨረሻው ያዳመጠው ሰው

ወይዘሮ ይመናሹ የልጃቸውን የደረበን መጥፋት ለተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ስብሰባ ሊናገሩ ጄኔቫ ድረስ ሲሄዱ የተፈቀደላቸው ሁለት ደቂቃ ነበር። ባለፉት አራት ዓመታት ይህንኑ ታሪክ ለስንት ድርጅት እንደተናገሩ እሳቸውም አያውቁትም። የሁሉም መልስ «እንከታተላለን» ነው።

ተራቸው ሲደርስ በአማርኛ ጀመሩ፤ አብራቸው የመጣችው አስተርጓሚ ተከተለቻቸው። የመንግሥት ሰዎች ልጃቸውን ከሱቁ አውጥተው እንደወሰዱት፣ አንድ ጎረቤት ከአጥር ጀርባ ተደብቆ ሁሉን እንዳየ ተናገሩ። ቀና ሲሉ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። የተቀመጡትም ስልካቸውን ይነካካሉ።

ፊት ለፊት የተቀመጠ አንድ ሰው ብቻ ዓይኑን ሳይነቅል ያዳምጣቸዋል፤ የሚሉትንም ይጽፋል። ትርጉም የሚሰማበትን የጆሮ ማዳመጫ እንኳ አላደረገም። ደቂቃቸው አልቆ ማይክሮፎኑ ሲጠፋ ሰውየው ገና እየጻፈ ነበር።

የዛለ ልባቸው ትንሽ በረታ። «ለካ የሚሰማም አለ» አሉ። ስብሰባው ለእረፍት ሲበተን አስተርጓሚዋን ይዘው ወደ ሰውየው ሄዱ። ጠረጴዛው ላይ በፈረንጅ ፊደል የተጻፈውን የአገር ስም ማንበብ አይችሉም።

«ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ» አሏት።

አስተርጓሚዋ ጽሑፉን አይታ ክንዳቸውን ወደ ኋላ ሳብ አደረገች። ሰውየው ግን ብድግ ብሎ እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ።

«አስተርጓሚ ምን ያደርግልናል እማማ?» አላቸው ጥርት ባለ አማርኛ። «እኔም የአገርዎ ልጅ ነኝ፤ መንግሥታችንን ወክዬ ነው የመጣሁት። ያ ከአጥር ጀርባ ሆኖ ያየው ጎረቤትዎ ግን፣ ስሙን ሳይነግሩን አለፉ።»