አባቷ ዞር ሲሉ

«ዛሬ ዕለቱ ምንድን ነው፣ ጋሼ?» አለ ሰልጣኙ ኢዮኤል፣ መጠይቁን ጉልበቱ ላይ አመቻችቶ።

«ይሄ ደግሞ ጥያቄ ነው እንዴ?» ጋሽ ክፍሉ ሳቁና ከኋላቸው ወደቆመችው ልጃቸው ወደ ሰርካዲስ ዞር አሉ።

«ቅዳሜ» ልትል አፏን ከፍታ፣ ትዝ ሲላት ከንፈሯን ነከሰች።

የወርክሾፑ አሰልጣኝ እኮ እሷው ናት! ፌርፋክስ በሚባለው ጎዳና ላይ፣ ከአንድ ሬስቶራንት ጀርባ ባለች አዳራሽ፣ የመርሳት በሽታን ለሚያጠኑ ወጣት ተመራማሪዎች አበሻ ሽማግሌን በአማርኛ እንዴት እንደሚመረምሩ እያስተማረች ነው። ለልምምዱ ቃል የገቡት አዛውንት ሲቀሩባት፣ «አባዬ ጤነኛ ነው፣ እሱ ይበቃናል» ብላ ከሚኖሩበት ሰፈር ከፓልምስ በመኪናዋ አመጣቻቸው።

ጠዋት በደንብ አስጠንቅቃ ነበር። «የኛ ልጆች ወላጅ እንዳያፍርባቸው ቀድመው ይመልሳሉ። ዝም አሰኟቸው። ሽማግሌው መልስ ፍለጋ ወደ ልጁ ከዞረ፣ የመርሳት ምልክት ነውና ኤክስ አድርጉ። ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።»

«ኦኬ ጋሼ፣ ዓመተ ምሕረቱስ?»

«ሁለት ሺህ አራት» አሉ ኮራ ብለው።

«በኛ አቆጣጠር ነው» አለች ሰርካዲስ ሳታስበው።

ከዚያ የገዛ ድምጿን ሰማችው። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ቀን በሳቱ ቁጥር እንዲህ ስትል አንድ ጊዜ እንኳ አስልታ አታውቅም። አሁን አሰላችው። በኛም አይደለም፣ በፈረንጅም አይደለም። ሐኪም ጋ ስትወስዳቸውም የመድኃኒቱን ስም፣ የቤቱን ቁጥር፣ የልጅ ልጃቸውን ዕድሜ እየቀደመች የመለሰች እሷ ናት። አባቷን አክባሪ ተብላ ስንቴ ተመርቃበታለች! የቅርብ ጠበል ልጥ መንከሪያ ይሆናል ማለት ይሄው ነው። ምነው ምላሴን በቆረጠው፣ አለች በልቧ።

ኢዮኤል እርሳሱን እንዳነሳ ቀና ብሎ አያት። የአስተማሪዋ አባት ላይ እንዴት ኤክስ ያድርግ? ይሉኝታ ያዘው።

«አድርግ» አለችው።

አደረገ። ከዚያም ቀጠለ። «አሁን ያለንበት መንገድ ስሙ ማነው፣ ጋሼ?»

ፌርፋክስ ላይ ሃያ ዓመት ታክሲ ነድተዋል። ጋሽ ክፍሉ እንደገና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ንገሪው እንጂ፣ ሰርኪዬ።»

ሰርካዲስ መልሱን ታውቀዋለች። አልተናገረችም። ጋሽ ክፍሉም ፊታቸውን አልመለሱም፤ አንገታቸውን እንዳዞሩ፣ ፈገግ እንዳሉ ጠበቋት።