ከነጩ ቀሚስ ሥር

ኤሲ ሕፃኗን አቅፋ ከጥምቀቱ ውሃ ፊት ስትቆም፣ ጣቶቿ ከልጇ ነጭ ቀሚስ አንገትጌ ሥር ክታብ የተንጠለጠለበት ክር ነኩ። ወዲያው አማቷን በጎሪጥ አየቻቸው። ጠዋት ልጅቷን አጥበው ያለበሷት እሳቸው ናቸው።

«ምን አፍጥጠሽ ታዪኛለሽ፣ ልጄ? ሻሼ ተጣሞ ነው?» አሉ አሮጊቷ በሹክሹክታ።

«ሻሽዎ እንኳ ቀጥ ብሏል፣ እማዬ።»

ቄሱ «ሰይጣንንና ሥራውን ሁሉ ትክዳላችሁ?» ሲሉ፣ ባሏ ኢቦ ድምፁን ከፍ አድርጎ «እክዳለሁ!» አለ። ኤሲ ክሩን በስውር ልትፈታ ታገለች። አልፈታ አላት። ሁለት ጊዜ ዞሮ በራሱ ሥር የሚገባ፣ ማዕበል የማይፈታው የዓሣ መረብ ቋጠሮ ነበር። አማቷ ዓሣ በጭስ ያደርቃሉ እንጂ መረብ ቋጥረው አያውቁም። የሚቋጥረው ኢቦ ነው፤ ልጅቷን ከቤት አቅፎ የመጣውም እሱ።

ቀና ብላ ስታየው ኢቦ ዓይኑን ሰበር አደረገ። «ተይው» አላት በቀስታ። «ከእሷ በፊት ሁለት ልጆች ቀብረናል እኮ።»

«እናትስ?» አሉ ቄሱ።

ክታቡን ብትተወው ውሸቱ ከልጇ ጋር ሊጠመቅ ነው። ብትበጥሰውና ይህችም ብትሞትስ? ጎንበስ ብላ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ክሩ ምላሷ ላይ ባሕር ባሕር አላት።

«እክዳለሁ» አለችና የልጅቷን ትንፋሽ ማዳመጥ ጀመረች።